የታችኛው ማሳ ቁንዶ በርበሬ

ያን ሰሞን እኔና አፍንጫዬ ተጣልተን ነበር። ዳቦው ሳሙና ሳሙና ይሸተኛል፤ ሳሙናው ደግሞ የሚበላ ነገር ይመስል ምራቄን ያስውጠኛል። ባሌ ከማሳ ሲመለስ ገና ከበሩ ሳይገባ «ምን ነክተህ ነው የመጣኸው?» ብዬ እጮህበታለሁ። ምስኪን ምንም አልነካም፤ እጁን ታጥቦ ነው የመጣው። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ነበር። በእርጉዝ አፍንጫ ምስክርነት በሰው ላይ የሚፈርድ ዳኛ ካለ እሱም ራሱ አርግዟል ማለት ነው።

ይሄን አስቀድሜ የምናገረው ወድጄ አይደለም። በኋላ ለደረሰብን ግራ መጋባት ግማሹ ሰበብ ይሄው አፍንጫ ስለሆነ ነው።

የባሌ ቤተሰቦች ወይን አምራቾች ናቸው። ሁለት ማሳ አላቸው። የላይኛው ከኮረብታው ወገብ ላይ ፀሐይን ፊት ለፊት ይዞ የተዘረጋ ነው፤ ነጩ ወይን የሚበቅለው እዚያ ነው። የታችኛው ኮረብታው ግርጌ ተሸጉጧል። ጠዋት ጉም ይተኛበታል፤ ከሰዓት ሌላው አገር ሁሉ ገና በፀሐይ ሲጠበስ የኮረብታው ጥላ መጥቶ ይሸፍነዋል። እዚያ የሚበቅለው ጥቁር ወይን ከሌላው ሁሉ ዘግይቶ ይበስላል። ወይን ጠጁ ታዲያ ቁንዶ በርበሬ ይሸታል። ማንም ምንም ጠብ አላደረገበትም፤ ከዘለላው ጋር የመጣ ሽታ ነው። አዲስ ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ብርጭቆውን አሽትቼ «ማነው ቁንዶ በርበሬ የደፋበት?» ብዬ ስጠይቅ አማቴ በሳቅ ሊሞቱ ነበር። «ይቺስ የኛ ናት» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደድኳቸው። እማማ እላቸው ነበር፤ የባሌን አባት ደግሞ አባባ።

እነዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ልማድ ነበራቸው። የዓመቱ በርሜል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት አባባ ይቀዱና፣ እንግዳ ይኑር አይኑር፣ ብርጭቆውን መጀመሪያ በግራቸው ለቆሙት ለእማማ ያቀብላሉ። «ባለቤቴ ትቅደም» ይላሉ። ሴቱ ሁሉ «አክባሪ ማለት እንዲህ ነው» እያለ ባሉን በክርኑ ይጎሽማል። እማማ ያሸታሉ። ከዚያ ፊታቸውን ማየት ነው! ዓይናቸውን ጭፍን፣ አፍንጫቸውን ጭምድድ፣ ከንፈራቸውን ሽምቅቅ ያደርጉታል፤ ልክ የእግር ጣቱን እንደረገጡት ሰው። አባባ ያኔ «አለ!» ብለው ይጮኻሉ፣ ለራሳቸውም ይቀዳሉ።

አንድ ጊዜ ጓዳ ውስጥ ብቻችንን ሆነን፣ «እማማ፣ ይሄን ያህል ይለበልባል እንዴ?» አልኳቸው።

«አይ ልጄ፣ ለሚያይ ሰው ነው» አሉኝና ብርጭቆ ማጠባቸውን ቀጠሉ።

አልገባኝም። እማማ የሚናገሩት ነገር ብዙ ጊዜ ሰንብቶ ነው የሚገባው፤ ስለዚህ ሰንብቶ ይገባኛል ብዬ ተውኩት።

ሌላው የማይለወጥ ቃላቸው ስለ ታችኛው ማሳ ነበር። «ጥላዋን አትንኩባት» ይላሉ። ማሳውን ሙሽራ ሆነው ሲመጡ በገዛ እጃቸው የተከሉት ነውና ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም። ከሁሉ በላይ የሚሉት ለባሌ ነበር። ባሌን ወንድሞቹ «መቀስ» ነው የሚሉት። ቅጠል ካየ እጁን ይበላዋል። የጎረቤት አጥር ሳይቀር ከርክሞ ተሰድቦ ያውቃል።

እማማ ወይኑ ቅጠል ማውጣት በጀመረበት ወራት፣ ሳይታመሙ፣ ዱብ ዕዳ ሆኖብን ሞቱ። ቤቱ ጭር አለ። አባባ ወሬ ተዉ። ባሌ ደግሞ ሐዘኑን በመቀሱ ተወጣው። ያን ዓመት አንዲት የተክል ባለሙያ መጥታ ለላይኛው ማሳ በዘለላዎቹ ዙሪያ ያለውን ቅጠል ትንሽ ትንሽ መልምሉለት፣ የጠዋት ፀሐይ ይግባው ብላ መክራ ነበር። መለመለ። እውነትም ነጩ ወይን ጽጌረዳ የመሰለ ሽታ አወጣ፤ ቤቱን ሁሉ አወደው። ባሌ በዚህ ልቡ አበጠ። ለላይኛው የበጀ ለታችኛውም ይበጃል ብሎ ወረደበት። ትንሽ ትንሽ የተባለውንም ረሳው፤ እሱ ሲመለምል አጥንቱን ነው የሚያስቀረው። ከድንጋዩ አጥር ስር ያሉት የመጨረሻ ረድፎች ብቻ ተረፉ፤ እዚያ ሲደርስ ወገቡን ያዘውና ተሸክመን አስገባነው። ዓመቱ ደግሞ ሲፈጥረው ሙቀት ነበር።

እንግዲህ የታችኛውን ማሳ ወይን በየዓመቱ ጠቅልሎ የሚወስድ ሰው አለን። ከተማ ውስጥ ምግብ ቤት አለው። «ደንበኞቼ ስሙን አያውቁትም፤ ያ ቁንዶ በርበሬው አምጣ ነው የሚሉኝ» ይላል። እንደ ልማዱ በርሜሉ ሊከፈት ሲል መጣ። አራት ሆነን ጓዳው ውስጥ ቆምን።

አባባ ቀዱ። እጃቸው ብርጭቆውን ይዞ ወደ ግራ ሄደ። በግራቸው ግድግዳው ነው ያለው። ብርጭቆው አየር ላይ ትንሽ ቆየና ተመለሰ። ያን ጊዜ አንጀቴን በሉት፤ ሄጄ እዚያ ብቆም ብዬም አሰብኩ፤ ግን የሙት ቦታ መቀማት መሰለኝና ካለሁበት አልተነቃነቅኩም። አባባ ራሳቸው አሸተቱ። በርሜሉን አዩ፣ እኛን አዩን።

«አለ!» አሉ።

«አለ ብቻ! አፍንጫ ይሰብራል እንጂ» አለ ባሌ ከኋላቸው።

እኔ ደግሞ ተራዬ ደርሶ አሸተትኩ። የሸተተኝ በስኳር የተቀቀለ ፍራፍሬ ነው፤ ማርማላታ በሉት። ደጋግሜ አሸተትኩ። ቁንዶ በርበሬ የሚባል ነገር በአጠገቡም አላለፈ።

ባለ ምግብ ቤቱ ብርጭቆውን በቀስታ አስቀመጠ። ጨዋ ሰው ነው፣ ቃል ሲመርጥ ግንባሩን አላበው። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መጥፎ ወይን አይደለም። ግን የለም።»

«የለም ማለት?» አለ ባሌ ደረቱን ነፍቶ።

«ቁንዶ በርበሬው የለም።»

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ?» አሉኝ አባባ። ዓይኖቻቸው ፊቴ ላይ ተተከሉ፤ እንደዚያ አድርገው አይተውኝ አያውቁም። ጠዋት ዳቦውን ሳሙና ነው ብዬ የጣልኩት ትዝ አለኝ። ወይን ሲጠምቁ የኖሩ ሁለት ሰዎች አለ ሲሉ፣ ሳሙና የሚያምራት ሴት የለም ብላ ልትከራከር ነው?

«እኔ እንጃ፣ አባባ» አልኩ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ። «ዘንድሮ አፍንጫዬ የኔ አይደለም።»

አባባ ኩም አሉ። ሰውየው ያ ሽታ ያለው ካገኛችሁ ደውሉልኝ ብሎ ሄደ።

ባሌ እስከ ማታ ድረስ ሰውየውን ሲሰድብ ዋለ። አባባ ግን በማግስቱ ቁርስ ላይ ሻያቸውን እያማሰሉ፣ «የታችኛው ማሳ ይነቀል። ለትራክተሩ ሰውዬ ነግሬዋለሁ፤ ሐሙስ ይመጣል» አሉ።

ማንኪያዬ ከእጄ ወደቀ። የእማማ ማሳ! እኔ ልጄን እዚያ ጥላ ስር አስተኝቼ ስለቅም በሐሳቤ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። እማማም «አያቱን ባያይ ተክሏን ያያል» ብለው ነበር፣ ስለ ልጅ ገና ሳይታሰብ።

«ለምን አባባ?»

«መሬቱ ደክሟል። እኔም ደክሞኛል።»

ባሌን ጓዳ ጎትቼ አስገባሁት። «ትናንት አለ ብለዋል። ካለ ለምን ይነቀላል? ከሌለ ደግሞ ለምን አለ አሉ?»

«አባባ አለ ካሉ አለ ነው» አለኝ። ጫማውን ያያል። ይሄ ሰውዬ የሚሰማውን ሳይሆን የሚባለውን የሚናገርበት ጊዜ አለው፤ ያኔ ሁልጊዜ ጫማውን ነው የሚያየው። ግን ምን እንደሚደብቀኝ ልደርስበት አልቻልኩም።

ግራ ገባኝ። እንደዚያን ሰሞን ግራ ገብቶኝ አያውቅም። ሁለት ሰዎች አለ የሚሉትን ነገር እኔ ላሸተው አልቻልኩም፣ ከሁለቱ አንዱ ደግሞ ያለውን ነገር ከነሥሩ ሊነቅለው ነው። ወይ እኔ አብጃለሁ ወይ ቤቱ አብዷል። ለባለሙያዋ ደወልኩላት።

«እርግዝና የቁንዶ በርበሬን ሽታ ያጠፋል?» አልኳት፣ ሰላምታም ሳላበዛ።

ሳቀች። እርግዝና ሽታን ቢያጋንን እንጂ እንደዚያ ለይቶ አያጠፋም አለችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ያ ሽታ በወይኑ ፍሬ ቆዳ ውስጥ ከሚጠራቀም አንድ ንጥረ ነገር ነው የሚመጣው፤ እውነተኛው ቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለውም ያው ራሱ ነው። ቅዝቃዜና ጥላ ይወዳል፤ ፍሬው ሳይቸኩል ሲበስል ይበረክታል። ፀሐይ ዘለላውን ፊት ለፊት ከጠበሰችው ይመነምናል። የነጩ ወይን የጽጌረዳ ሽታ ሌላ ነው፤ እሱ በልኩ ሲሆን ብርሃን ይጠቅመዋል።

«ታችኛውንም መለመላችሁት እንዴ?» አለችኝ።

«አጥንቱ ብቻ ነው የቀረው» አልኳት።

«ሌላም ነገር አለ» አለች። «ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ይሄን ሽታ ጭራሽ አያውቀውም። ሌላውን ሁሉ ደህና አድርጎ ያሸታል፤ ይሄ ሲሆን ግን አፍንጫው ዝም ነው። በሽታ አይደለም፣ አፈጣጠር ነው። በዘርም ይሄዳል ይባላል።»

ስልኩን ስዘጋ ያቺ ከአምስቱ አንዷ እኔ ነኝ ብዬ ወሰንኩ። ግን እኮ ሙሽራ ሆኜ ሸቶኛል! ሸቶኛል? ወይስ ሰው ሲል ሰምቼ ነው የሸተተኝ? ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባል የለም? የገዛ ትዝታዬን መጠርጠር ጀመርኩ። ወጥ ቤት ገብቼ የቁንዶ በርበሬውን ዕቃ ከፍቼ አፍንጫዬን ከተትኩበት። አስነጠሰኝ። ባሌን ጠርቼ «አሽትት» አልኩት፤ አስነጠሰው። አባባም ምን እያደረጋችሁ ነው ብለው ሲመጡ አቀረብኩላቸው፤ ከሁላችንም የባሰ እሳቸው አስነጠሱ። ሦስታችንም እንባ በእንባ ሆነን ተያየን። ማስነጠስ ሌላ፣ ማሽተት ሌላ መሆኑን ያኔ ልብ አላልኩም።

ረቡዕ ከሰዓት ማሳውን ልሰናበት ወረድኩ። ወይኑ ቅጠሉን አራግፎ ቆሟል። በረድፎቹ መሃል ስሄድ ከእግሬ ስር መሬቱ ባዶ ነው፤ መቀስ ያላስተረፈውን ንፋስ ከየት አምጥቶ ይጥለዋል? ከድንጋዩ አጥር ስር ስደርስ ግን እግሬ ሰመጠ። ደረቅ ቅጠል እንደ ፍራሽ ተነጥፏል። ቆምኩ። ባሌን ወገቡን የያዘው እዚህ ነበር። እነዚህ አልተመለመሉም።

ባሌ ላይኛው ማሳ ላይ ነበር። ከታች ሆኜ ሁለት እጄን አፌ ዙሪያ አድርጌ ጮህኩ። «የአጥሩ ስር ወይን የት ገባ?»

«ምን?»

«የአጥሩ ስር! ከለቀማችሁት በኋላ የት አደረጋችሁት?»

«በመጨረሻ ስለተለቀመ ጋኑ ሞልቶ አልያዘውም! የቤት አደረግነው!»

የቤት የሚሉት ለራሳቸው የሚጠጡትን ነው። በትልቅ የመስታወት ዳሚጃን ተደርጎ እራት ላይ ይቀዳል። ዘንድሮ ግን እራት ላይ አልነበረም። በእርግዝናዬ መጀመሪያ «ይሄን ነገር ከፊቴ አንሱልኝ፣ ሊያስመልሰኝ ነው!» ብዬ የጮህኩት እኔው ነኝ። አባትና ልጅ ለእኔ ብለው ዳሚጃኑን ተሸክመው የመሣሪያ ማስቀመጫው ክፍል ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ በአካፋና በመጋዝ መሃል ተቀምጠው ነው የሚጠጡት።

ሮጥኩ ብል ውሸት ነው፤ በዚያ ሆድ ማን ይሮጣል? ግን ደረስኩ። ቡሹን ነቀልኩና ጎንበስ አልኩ።

ቁንዶ በርበሬ! አፍንጫዬን ብቻ ሳይሆን ግንባሬን ነው የመታኝ። አንዱን የለቀማ ሣጥን ገልብጬ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። አላበድኩም። ከአምስቱም አንዷ አይደለሁም። እማማ ያሉት ሽታ፣ ሙሽራ ሆኜ የሸተተኝ ሽታ፣ እዚሁ ቁጭ ብሎልኛል።

ለቅሶዬ ሳያልቅ ግን አንድ ነገር መጣብኝ። እነዚህ ሰዎች ይሄን ማታ ማታ ሲጠጡት ነው የከረሙት። እንዴት አንዳቸው እንኳ «የቤቱስ ከበርሜሉ ይለያል» አላሉም?

ባሌ ጩኸቴ አስደንግጦት እያለከለከ ደረሰ። ብርጭቆ ቀድቼ አፍንጫው ስር አደረግኩለት። «ይሄ ምን ይሸታል?»

«ወይን።»

«ሌላስ?»

ጫማውን አየ። «ወይን» አለ እንደገና።

«እውነቱን ንገረኝ። በልጄ ሞት!»

«ተይ እንጂ!» አለና ተንፍሶ ከጎኔ ተቀመጠ። «ሸቶኝ አያውቅም። ከልጅነቴ ጀምሮ። አባባ አለ ሲሉ አለ እላለሁ። የወይን ጠማቂ ልጅ አይሸተኝም ቢል ምን ይባላል? ላም አለኝ በሰማይ ሆኖብኝ ነው የኖርኩት። ለአባባ ብቻ እንዳትነግሪያቸው። ሀሞታቸው ነው የሚፈሰው።»

አባባ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

መቼ እንደመጡ አላየንም። ባሌ እንደ ተማሪ ብድግ አለ። ቁጣ ጠበቅን። አባባ ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩትና፣ በቀስታ፣ «አንተም?» አሉት።

ለመግባት ጊዜ የፈጀ ቃል ነው።

አባባ ገብተው ባሌ የተነሳበት ላይ ተቀመጡ። «እኔ ያንን ቁንዶ በርበሬ አንድም ቀን አሽትቼው አላውቅም» አሉ። «እናትህ ሙሽራ ሆና አለ ስትለኝ አፍሬ አዎ አልኳት። አንዴ አዎ ካልኩ በኋላ እንዴት ልመለስ? ከዚያ ወዲያ ብርጭቆውን እሷን አስቀድሜ ፊቷን ነው የማየው። ፊቷ ከተጨማደደ አለ እላለሁ። ሰው አክባሪ ይለኛል፤ እኔ ተደብቄ ነው።»

«ታዲያ ማሳውን...» አልኩ።

«አሁን ማንን ልይ? ያ ሰውዬ የለም ሲለኝ ይኑር አይኑር እኔ ምን አውቃለሁ? ያንቺንም ፊት አየሁ፤ ምንም የለበትም። የማላሸተውን ነገር እንዴት አድርጌ ልጠብቀው፣ ልጄ? በእጄ ከሚሞት ነቅዬው ልረፍ ብዬ ነው።» ከጎናቸው ያለውን አካፋ እጀታ ጨበጡ። «የሚያንገበግበኝ ግን እሱ አይደለም። ዕድሜዋን ሙሉ አሞኝቻት፣ ሳልነግራት ሞተች።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ብርጭቆ የሚያጥቡት የእማማ እጆች ሳይቀሩ ዓይኔ ላይ መጡ።

«አባባ» አልኩ፣ «እማማ ያውቁ ነበር።»

ቀና አሉ።

«አንድ ቀን ጠይቄያቸዋለሁ። ይሄን ያህል ይለበልባል ወይ ፊትዎን እንዲህ የሚያደርጉት አልኳቸው። አይ ልጄ፣ ለሚያይ ሰው ነው አሉኝ።»

አባባ አቀረቀሩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሱ ነው ብዬ ልነሳ ስል እየሳቁም መሆናቸውን አየሁ፤ ሁለቱም አብረው ነው የመጡባቸው። «እኔ እኮ» አሉ፣ «ያን ያህል ማጋነኗ ደስ አይለኝም ነበር። ሰው ፊት ምን እንዲህ ያደርጋታል እል ነበር።»

ፊታቸውን በእጅጌያቸው ጠራርገው ተነሱ። ከዳሚጃኑ ቀዱ። እጃቸው እንደ ልማዱ ወደ ግራ ሄደ። በግራቸው እኔ ነበርኩ።

«አንቺ ቅደሚ» አሉኝ።

ለመጠጣት ሳይሆን ለማሽተት ተቀበልኩ። ሽታው ራሱ ፊቴን ጨምደድ ለማድረግ በቂ ነበር፤ እኔ ግን ለሚያይ ሰው ነው ብዬ ዓይኔን ጭፍን፣ አፍንጫዬን ጭምድድ፣ ከንፈሬን ሽምቅቅ አደረግኩት፤ የእግር ጣቴን እንደረገጡኝ። ዓይኔን ስገልጥ አባባ እያዩኝ ነበር።

«አለ» አሉ፣ ሳይጮኹ።

ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ለትራክተሩ ሰውዬ ደውልና ሐሙስ አትምጣ በለው። መቀስህንም ለሚስትህ ስጣት።»